ለአንድ ሰው የማይሆን ፓፓያ

ሸማ ተራ ያለው ሱቄ ከአንዲት የወሎ ሴት ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ግድግዳው ዛሬም አለ፤ የሌሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ነጠላና ቀሚስ እሸጣለሁ፣ እሳቸው ጋቢ ይሸጡ ነበር። በዕድሜ ታላቅ እህቴ ስለሚሆኑ እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ሁለት ልጆች ከወለድኩ በኋላም «አንቺ ልጅ» ማለታቸውን አልተዉም።

የእኛ ሥራ የመቀመጥ ሥራ ነው። በዓል ሲቃረብ ካልሆነ በቀር ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ሆነን አላፊ አግዳሚውን እንጠራለን። ምሳ ሲደርስ ከጎናችን ካለው ምግብ ቤት ቅቤ የጠጣ ፍርፍር እናስመጣለን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስኳር የበዛበት ስፕሪስ። እንዲህ እያልን ሁለታችንም ወፈርን። አንድ ቀን እትዬ ድካም ድካም ሲላቸው ሐኪም ቤት ሄዱና ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ።

«ስኳር ሊጀምርሽ ነው አለኝ» አሉ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ እኔ ዘንድ ቁጭ ብለው። «ቅባት ቀንሺ አለኝ። ተንቀሳቀሺ አለኝ። ፍራፍሬ ብይ፣ ግን በልኩ፤ ጁስ አድርገሽ እንዳትጠጪው አለኝ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ? አብረን እንበላለን» አልኳቸው።

ማታውኑ ስልኬ ላይ የምግብ ካሎሪ የሚናገር አፕ ጫንኩ። በማግስቱ ሙዝ ገዝተን አንድ ላይ ስንቀመጥ ስልኩን አውጥቼ አነበብኩላቸው።

«ካሎሪ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምግቡ የሚሰጠን ጉልበት የሚለካበት ነው፣ እትዬ።»

«ጉልበት ከሆነ ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

ልክ ያን ጊዜ አንድ ተሸካሚ ከራሱ የሚበልጥ የጨርቅ ጥቅል ጀርባው ላይ አድርጎ «መንገድ! መንገድ!» እያለ በፊታችን አለፈ።

«እሱ የበላውን ያወጣዋል» አልኩ። «እኛ ቁጭ ብለን የት እናወጣዋለን?»

እትዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብለን እስከ ሲኒማ ራስ ድረስ በእግራችን እንሄድ ጀመር። እዚያ ጥግ ላይ ፍራፍሬ ከምትሸጥ ሴት ለነገው ምሳችን ፓፓያ እንገዛለን። እትዬ እየጫኑ፣ እያሸተቱ፣ ሻጯን እያናደዱ ነው የሚመርጡት። ቢላውም በእሳቸው እጅ ነው። ፓፓያውን ለሁለት ገምሰው፣ ፍሬውን ጠርገው፣ ሎሚ ይጨምቁበትና ተለቅ ያለውን ግማሽ ወደ እኔ ይገፉታል። «ኧረ እትዬ» ስል፣ «ዝም ብለሽ ብይ፤ ሐኪሙ በልክ ያለው እኔን ነው» ይሉኛል።

ስልኩ ብዙ ነገር አስተማረን። ማንጎ በካሎሪ ከፓፓያ እንደሚበልጥ አወቅን። አቮካዶ ግን አስደነገጠን። «ይሄ ፍሬ ነው ቅቤ?» አሉ እትዬ፤ ከዚያ ወዲህ አንዱን ለሁለት ሆነ የምንበላው። ክረምት ሲገባ ደግሞ በለስ መጣ። በለስ ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። እሾኹ እጃቸውን ሳይነካቸው እንዴት እንደሚልጡት ዛሬም አይገባኝም። ስልኬ ላይ «በለስ» ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም።

«አያውቀውም፣ እትዬ።»

«እሰይ! ሳይቆጠርብን እንብላዋ!»

በለሱ እስኪያልቅ በላን።

ለሌላ ምርመራ ሄደው ሲመለሱ ከሩቅ ነበር እጃቸውን የሚያውለበልቡልኝ። ስኳራቸው ወርዷል። የእኔም ቀሚስ ሰፍቶኝ ነበር። በረመዳን እሳቸው ሲጾሙ እኔ ፊቴን አዙሬ ስበላ፣ «ፆሙ የኔ፣ ምን አስደበቀሽ?» ብለው ይቆጡኛል። ሱቅ ስንዘጋ ደግሞ ለቤት ውሰጂ ብለው ቴምር ያስይዙኛል።

ከዚያ ደሴ ያለች ልጃቸው ወለደች። ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው የሚሆነውን ስስ ጋቢ ከራሳቸው መደርደሪያ መርጠው፣ «አርሻት፣ አርባዋ ሲወጣ እመጣለሁ» ብለውኝ ሄዱ። አርባው ወጣ፣ አልመጡም። ልጃቸው ወደ ሥራ ልትመለስ ነው፣ ሕፃኑን የሚይዝ የለም። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ መጡ፤ ሱቁን ሊያስረክቡ። ጥቅሎቹን አብረን አሰናዳን። ሲሰናበቱኝ ትከሻዬን ሦስቴ ስመው «አንቺ ልጅ፣ ምሳሽን እንዳትረሺ» አሉ። ራሴን ነቀነቅኩ።

አሁን በእሳቸው ቦታ አንዲት ጨዋ ወጣት ልብስ ትሸጣለች። ጆሮዋ ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ፓፓያ ገዝቼ ግማሹን አቀረብኩላት፤ አመስግና፣ ፓፓያ እንደማትወድ ነገረችኝ። ግማሹ እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ ዋለ፣ ሽታው ነጠላው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ሙዝ እገዛለሁ። ሙዝ ለአንድ ሰው ይሆናል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቅቤ የጠጣውን ፍርፍር አስመጣለሁ፤ ስልኩን ማየት ትቻለሁ። እትዬ አርብ አርብ ይደውላሉ። ሕፃኑ ስልኩን ሊነጥቃቸው ሲታገል፣ «ኧረ ተው!» ሲሉት እሰማለሁ፤ ወሬያችን ሳይያዝ ይቋረጣል። ደስተኛ ናቸው። እኔም ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ለተወሰነ ጊዜ ደንበኛ መጥራት አልችልም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ነጠላ ፈልገው ገቡ። «እቴ፣ ይኸን ወዲህ አምጭልኝማ» ሲሉ እንደ እትዬ የወሎ ሰው መሆናቸውን ወዲያው አወቅሁ። አንዱን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ወደዱት። ሌላ ዘረጋሁ፣ ስለ ጥለቱ አወሩኝ፤ ሌላም ዘረጋሁ፣ ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ አወሩኝ። መደርደሪያው ሊያልቅ ነው።

«ኧረ ይበቃል፣ የመጀመሪያውን መርጫለሁ እኮ» አሉ እየሳቁ።

«አንድ የቀረ አለ፣ እሱን ሳያዩ አይሄዱም» አልኳቸው፤ በርጩማው ላይ ወጥቼም ከላይ ያለውን ማውረድ ጀመርኩ።