ያላየ መርዶ ነጋሪ

ክንዴ ደባርቅ ወርዶ ሒሳብ ማስተማር ከመጀመሩ በፊት አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሒሳብ፣ አንድ ነገር «የለም» ማለት እንደማይቻል ካረጋገጠ «እንግዲያው አለ» ብሎ ይደመድማል። ማሽኑ ግን በዚህ አይሸነገልም። የሚፈለገው ነገር በየት በኩል ተሄዶ እንደሚገኝ ካልነገሩት ባዶ እጁን ይመለሳል። ክንዴም ከዚያ ወዲህ፣ አምጥተው ካላሳዩት በቀር «አለ» የሚል ቃል አይወጣውም ነበር።

ታናሽ ወንድሙ ደምለው ለብሔራዊ ውትድርና ኤርትራ ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። የደምለው ሚስት ታንጉት ዳባት ሆና ትጠብቃለች።

«ሞቶ ቢሆን መርዶ ይመጣ ነበር» ትላለች። «አልመጣም። ስለዚህ አልሞተም፤ አለ ማለት ነው።»

«አልሞተም ማለትና አለ ማለት እኮ...»

«ኧረ ተወኝ ክንዴ! እኔ ተማሪህ አይደለሁም።»

አንድ ቅዳሜ ማታ ዘመድ ሁሉ ከታንጉት ተደብቆ እዚያው ዳባት፣ አጎታቸው ጋሼ ዳኘው ቤት ተሰበሰበ።

«ወይ ሞቷል፣ ወይ አለ» አሉ ጋሼ ዳኘው። «ከሞተ እርማችንን እናወጣለን። ካለ ደግሞ ይምጣና ይሳቅብን። ነገ ጎሕ ሲቀድ እናረዳታለን።»

«ያየ ሰው አለ፣ ጋሼ?» አለ ክንዴ።

«ያየውማ አብሮት ቀረ።»

«ወይ ይህ ወይ ያ ለማለት እኮ አንዱ በእጅዎ መኖር አለበት። እኛ ሁለቱም የለንም።»

«ይህን ለማሽንህ ንገረው! እሷ ሰው ናት። ስትጠብቅ አለቀች እኮ፣ አይታይህም?»

ሰዓት እላፊ ስለነበር ሁሉም እዚያው አደሩ። ክንዴ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ሳይነሱ ቀድሞ ሊያስጠነቅቃት ወጣ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በሯን አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ክንዴ። ክፈቺልኝ።»

ታንጉት ከፈተች። ፊቱን አየች፣ ከዚያ ከኋላው የሚቀላውን ሰማይ አየች።

«ስሚኝ፣ ሊመጡ ነው፤ ግን ማንም...»

አልጨረሰም። የባል ወንድም ሳይጠራ በዚያ ሰዓት ደጃፍ ላይ የሚቆመው ለምን እንደሆነ አገር ያውቃል። እሱም ከልጅነቱ ያውቅ ነበር፤ ትዝ ያለው ግን እዚያው በሩ ላይ ነው።

«ደምለውዬ!» ብላ ደረቷን መታች። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ።

«ማንም አላየውም እኮ! ማንም አላየውም!» ክንዴ ጮኸ።

ጎረቤቷ አገርነሽ ክንዱን ያዘችው። «አዎ ወንድሜ፣ ሬሳው እንኳ አልተገኘ። አልቅስ፣ ይውጣልህ።»

ጋሼ ዳኘው ጩኸቱን ሰምተው እያለከለኩ ደረሱ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ደግ አደረግህ፣ ልጄ። ካንተ መስማቷ ይሻላል።»

ታንጉት መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችው። ድምጿ ተዘግቷል።

«የት ወደቀ አሉህ?»

ሰው ሁሉ ወደ ክንዴ ዞረ። እሱን ይጠብቃሉ።

«ከረን አጠገብ» አላት ክንዴ። ከረንን የሚያውቀው ካርታ ላይ ብቻ ነው።