በማድረቂያው የተቃኘው ሁለተኛ አልበም

የልጄ ልጅ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። አንገቷ ላይ ስታንጠለጥለው ጊታሩ እሷን የተሸከመ ነው የሚመስለው። እናቷ በሕፃንነቷ «ርግብ ለመባል ገና ኪሎ ይቀራታል» እያለች ዋኖስ ትላት ነበርና ስሙ በዚያው ጸና። አሁን መድረክ ላይም የሚጠሯት ዋኖስ ብለው ነው።

ቀን ቀን ሸሚዝ ትተኩሳለች። የምትሠራበት ላውንደሪ የእናቷ የነበረ ነው። እኔ ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ ልብስ እቀበላለሁ፤ ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ጨርቅ ኮሌታ ውስጥ በመርፌ እይዛለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝም እዚያው ባንኮኒ ላይ ይቺው ልጅ ናት፣ በደንበኞች ስም። ከሁሉ ያስቸገረኝ የአንድ ጠበቃ ስም ነው፤ ስሙን ጽፌ እስክጨርስ ሱሪው ይደርቅ ነበር።

ባንዱ ሦስት ሰው ነው። ዋኖስ ትዘፍናለች፣ ቤዙንም ትይዛለች። ሌላውን ጊታር የሚጫወተው የቤት መብራት የሚዘረጋ ልጅ ነው፤ ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሳ ሰንበሌጥ እንለዋለን። ድራም የሚመታው ጉልቤ የምንለው ልጅ ነው፣ ዳቦ ቤት ሊጥ ያቦካል፤ ድራሙንም እንደ ሊጥ ነው የሚደቁሰው። የሚጫወቱት ሮክ ነው። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ዕቃ የተናደ መስሎኝ ሮጬ ገብቻለሁ። ኋላ ጆሮዬ ለመደው፣ ቆይቶም ወደደው።

የሚለማመዱት ከላውንደሪው ጓሮ ባለችው ክፍል ነው፣ እሑድ እሑድ። እሑድ ሱቁ ለደንበኛ ዝግ ቢሆንም የደንበኛችን ሆቴል አንሶላ የሚደርቅበት ቀን ስለሆነ ትልቁ ማድረቂያ ሲያጉረመርም ይውላል። ልጄ ክፍሏን ስትፈቅድላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለቻቸው።

«ማድረቂያው አይጠፋም።»

«እትዬ፣ እሱ እየጮኸ እኛ እንዴት እንሰማማለን?» አላት ሰንበሌጥ።

«እሱ ከናንተ ቀድሞ የገባ ነው። እንግዳ ደግሞ ባለቤቱን ይመስላል እንጂ ባለቤቱ እንግዳውን አይመስልም።»

ለቀልድ ያለችውን ዋኖስ የምር ያዘችው። ጆሮዋን ማድረቂያው ላይ ለጥፋ የቤዙን ወፍራም ክር እያጠበቀች እያላላች ከጉርምርምታው ጋር አስተካከለችው። ሰንበሌጥም ከሷ ክር ላይ የራሱን ቃኘ። ከዚያ በኋላ ሌላ መቃኛ አልፈለጉም። እሑድ እንደገቡ ሦስቱም ዝም ብለው ማድረቂያውን ያዳምጣሉ፤ ጸሎት የሚያደርሱ ነው የሚመስሉት። ልጄ በመጋረጃው አጮልቃ ታያቸውና «አንሶላዬን እንዳታመልኩ» ትላቸዋለች።

የመጀመሪያው አልበም እንዲህ ተሠራ። እዚያው ክፍል በሰንበሌጥ ማይክሮፎን ቀዱት፣ ለአንድ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ወሰዱለት፣ እሱም ስቱዲዮው ውስጥ ኪቦርድ ጨመረበትና አወጣው። ዘፈኖቹ የሚዘሉ፣ የሚስቁ ነበሩ። ታክሲው፣ ጸጉር ቤቱ፣ የጫማ መደብሩ፣ ሁሉም እነሱን ይዞ ዋለ። ልጄ ሲያመሰግኗት «እኔ ምን አደረግኩ፣ ያደረቀው ማሽኑ ነው» ትል ነበር። አንድ ቀን ግን ብቻዋን መስሏት ካውያውን እንደ ማይክሮፎን ይዛ ስትዘፍን አግኝቻታለሁ። ስታየኝ አልደነገጠችም፤ ጨርሳው ነው ወደ ሸሚዙ የተመለሰችው።

በዚያው ክረምት ታመመች። ዝናቡ ሳያባራ ሄደች።

ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ልጅ ቀብሮ የሚመለስ ሰው ቤቱ ይጠበዋልም ይሰፋዋልም። ዋኖስ በእናቷ ቦታ ቆማ መተኮስ ጀመረች። አታለቅስም፤ እህል ትቀምሳለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ስጠራት «አቤት» ትላለች። ሳቋ ብቻ የለም። ድሮ ሳቋ ከበሩ ቀድሟት ነበር የሚገባው። እኔ ልጄን እንደማላገኛት አውቄዋለሁ፤ ይቺኛዋ ግን በሕይወት እያለች ናፈቀችኝ፤ ፊት ለፊቴ ቆማ ሸሚዝ እያጠፈች።

ከብዙ ዝም ያሉ እሑዶች በኋላ ልጆቹ ተመልሰው መጡ። ደስ አለኝ። ማድረቂያውን አዳመጡ፣ ተቃኙ፣ ጀመሩ። የወጣው ድምፅ ግን ሌላ ነበር። ዝግ ያለ፣ ከምድር በታች የሚመጣ የሚመስል። የዋኖስ ድምፅ ራሱ ወርዶ ደረቷ ውስጥ ገብቷል። ጉልቤ ድራሙን በስስት ነበር የሚነካው። እኔ አንዱን ዘፈን እንኳ ጨርሼ መስማት ስላልቻልኩ ሲጀምሩ ሰበብ ፈልጌ ወደ ደጅ እወጣለሁ። በረንዳውን ሳልጠርገው የዋልኩበት እሑድ የለም።

«እማማ፣ በረንዳው እኮ አለቀ» አለኝ ጉልቤ አንድ ቀን ሲወጣ።

«አንተ ድራምህን ምታ» አልኩት።

አዲሶቹን ዘፈኖች እንደ ፊተኛው እዚያው ቀድተው ሲጨርሱ ባለሙዚቃ ቤቱ ሊሰማ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጄ ስትሞት ሦስቱን ቀን ከኛ ጋር የተቀመጠ ነው። የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተደግፎ አልበሙን እስከ መጨረሻው አዳመጠና ላቡን ጠረገ።

«ዋኖስዬ፣ ጎበዝ ናችሁ። እኔ ሐዘንሽን አልጠላሁትም። ግን ሰው ከኔ የሚገዛው ሳቅ ነው። ያንን ስለለመደ ነው ደጄ የሚመጣው።»

«ሳቁ የለኝማ» አለችው።

«አንድ ሁለት የሚያስጨፍር ጨምሪበት። ሌላውን ደግሞ ትንሽ አፍጥኑት፣ ትንሽ ከፍ አድርጉት።»

«እንጀራ አታስመስለው እንግዲህ፣ አልፈካም ብለህ ውሃ ልትጨምርበት» አለ ጉልቤ። ከዋኖስ በስተቀር ሁላችንም ሳቅን።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከሰውየው ጋር ነበርኩ። ስለ ገበያው አይደለም። ልጅቷ የሚያስጨፍር ዘፈን ከሠራች እግረ መንገዷን ትስቃለች ብዬ ነው። ሲወጣም በር ላይ ያዝ አድርጌ «በርታባት» አልኩት።

የተቀዳውን አልበም ኪቦርድ ሊጨምሩበት ወደ ስቱዲዮው ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ተመልሰው መጡ፤ ፊታቸው የወደቀ ዕቃ ይመስላል።

«ምን ሆናችሁ?»

«አልገጠመም» አለ ሰንበሌጥ። «ኪቦርድ ተጫዋቹ የትኛውንም ቁልፍ ቢነካ ከኛ ጋር አይሄድም። አንዱ ቁልፍ ይበልጠናል፣ ታችኛው ያንሰናል። በሁለት ቁልፍ መካከል ወድቀን ተገኘን።»

«የመጀመሪያው ጊዜ ገጥሞ አልነበር?»

«ልክክ ብሎ ነበር የገጠመው። እኔም እሱ ነው ያልገባኝ።»

ባለሙዚቃ ቤቱ አጋጣሚውን ወዶታል። ሁሉንም እንደገና በትክክለኛው ቅኝት ቅዱት፣ በዚያውም አፍጥኑት ብሏቸዋል። ካልሆነ አላወጣውም አላለም፤ «እኔን አታስቸግሩኝ» ነው ያለው። ከሱ አፍ ሲወጣ ሁለቱ አንድ ነው።

በዚያው ሳምንት ከሆቴሉ ስሞታ መጣ። አንሶላው እርጥበት ይዞ ይመጣል፣ አልጋችን ሸተተ አሉ። ጥገና የሚያውቅ ሰው ጠራን። ከማድረቂያው ጀርባ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወጣ።

«ቺንጋው ላልቷል፤ ይቺ ሞተሩን ከበርሜሉ ጋር የምታያይዘዋ ላስቲክ። ስትላላ በርሜሉ ይንቀረፈፋል። በየጊዜው ጠበቅ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ማን ነበር የሚያጠብቃት?»

ዋኖስና እኔ ተያየን። ልጄ ነበረች። የሽርጧ ኪስ ውስጥ መፍቻ ይኖር ነበር፤ ማሽኑ ጀርባ ጎንበስ ብላ ትነካካና ትነሳለች። ያን ያህል ቁም ነገር ስላልመሰለን ማናችንም ምን እንደምትሠራ ጠይቀናት አናውቅም። ልጆቹም ሳያውቁት እየላላ በሄደ ማሽን ሲቃኙ ከርመዋል። አልበሙን ሁሉ ዝቅ ያደረገው የሷ እጅ መጉደል ነበር።

ሰውየው አጠበቀና አስነሳው። ማድረቂያው እንደ ድሮው ቀና ብሎ አጉረመረመ። ያ የመጀመሪያው አልበም ድምፅ ነው፤ እሷ መጋረጃውን ገልጣ የምትገባ መሰለኝ። ዋኖስ ካውያውን አስቀመጠች። ከዚያ ሮጣ ገብታ ማሽኑን አጠፋችው።

«ምነው እህቴ፣ አበላሸሁት እንዴ?» አላት ሰውየው።

«አይ፣ ሠርተኸዋል» አለችው። «ችግሩም እሱ ነው።»

እሑድ ሦስቱ መጡ። ባለሙዚቃ ቤቱም መጣ፤ ነገሩን ሰንበሌጥ ነግሮታል። እጁን አጨበጨበ።

«ይኸው፣ ፈጣሪ ራሱ አስተካከለላችሁ። ማሽኑ ደህና ነው፣ ተቃኙና ቅዱ። እማማ፣ እርስዎ ይንገሯት፤ ከርስዎ ቃል አትወጣም።»

ዋኖስ ወደኔ ዞረች። ልመናም ቁጣም ዓይኗ ላይ የለም። የምትፈልገውን ግን በግልጽ ተናገረችው።

«እምዬ፣ እንደገና ከቀዳሁት እማ ያልሞተች ይመስላል። እሷ ስትቀር ማሽኑ እንኳ እንደጎደለ የሚመሰክር ይሄ የተቀዳው ብቻ ነው። አሁን ቺንጋው ስለጠበቀ ያ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም። እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ይሄን ሰርዢው ካላችሁኝ እሰርዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደምዘፍን አላውቅም።»

ሁሉም እኔን ያያሉ። እኔ ደግሞ ዘፈኖቹን አንድም ቀን ጨርሼ አልሰማኋቸውም።

«አጫውቱልኝ» አልኩ።

ሰንበሌጥ ድምፅ ማጉያውን አገናኘ። አንሶላ ክምር ላይ አስቀመጡኝ። መጥረጊያዬን ፍለጋ እጄ ሁለቴ ተነስቶ ነበር፤ ጉልቤ አየብኝና መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ አደረገው። ስለ ሞት የሚናገር ቃል እጠብቅ ነበር፤ የለም። አንደኛው ዘፈን ስለ ካውያ መቀዝቀዝ ነው። አንዱ ደግሞ ሸሚዙን ሳይወስድ ስለቀረ ደንበኛ። ሌላው እናቷን «ዋጋ ስንት ነበር የምንለው፣ ረሳሁት» እያለች የምትጠይቅበት ነው፤ ማንም አይመልስላትም፣ ቤዙ ብቻ ከታች ይሄዳል። እኔ ልጅቷ ከእናቷ ሸሽታ የደነዘዘች ሲመስለኝ፣ ለካስ በየእሑዱ ተቀምጣ ስታናግራት ነው የከረመችው። ልጄን ከዚያ ክረምት ወዲህ እንደዚያን ቀን በቅርቤ አግኝቻት አላውቅም። እሷን አይደለም ያገኘሁት፤ የቀረችበትን ቦታ ነው። ግን ልክ የሷን ያህል ነበር ቦታው፤ አንድ ጣት አይበልጥም፣ አያንስም።

ሲያልቅ ባለሙዚቃ ቤቱ ፊቱን ጠራረገ። «እንግዲህ እማማ?»

«ልጄ፣ በርታባት ያልኩህን ተወው» አልኩት። «እንዳለ አውጣው። ኪቦርዱ ካልገጠመ ይቅር።»

«ሰው ላይገዛው ይችላል እኮ።»

«አይግዛው። የሰማ ይስማው።»

«ጥቂት ነው የማሳትመው» አለ። ዋኖስ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሲወጣ ጉልቤ ትከሻውን መታ አድርጎ «አንተም እኮ አልቅሰሃል፣ አይተንሃል» አለው። «ላብ ነው» አለ ሰውየው።

አልበሙ ወጣ። ታክሲዎቹ አላነሱትም፤ እስካሁንም የፊተኛውን ነው የሚያጫውቱት። አንዳንዱ ደንበኛ «ምነው፣ ሁለተኛው ከበደኝ» ይለኛል። «ይከብዳል» እለዋለሁ። ዋኖስ አፍ አውጥታ አትናገርም እንጂ ሰው እንዲሰማላት ትፈልጋለች። ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ቀስ አድርጋ ታጫውተውና ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ትተኩሳለች። ደንበኛ ልብሱን ተቀብሎ ሲሄድ ትሰማለች። ማንም ቆሞ አይጨርሰውም። እኔም ወደ መጋረጃው ላለማየት የሸሚዝ ቁልፍ እቆጥራለሁ።

ባለፈው አንድ የማላውቀው ሰው ኮቱን ሊወስድ መጣ። ኮቱን አወረድኩለት፣ ተቀበለኝ፤ ግን አልሄደም። ለደንበኛ ከተቀመጠው ወንበር አጠገብ ቆሞ ጆሮውን ጣል አደረገ። ከመጋረጃው ወዲያ የካውያው ድምፅ ቆመ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰውየው ወደኔ ዞረ።

«ይቀጥላል?»

«ይቀጥላል» አልኩት።

ተቀመጠ። አሁን የተተኮሰውን ኮት አጣጥፎ ጭኑ ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። ከመጋረጃው ወዲያ ዋኖስ አፏን በእጇ አፍና የሳቀች መሰለኝ፤ ወይም ያለቀሰች፤ ከሁለት አንዱ ነው። ለሰውየው ኮቱ እንደሚጨማደድ ልነግረው አልኩና ተውኩት።

ልጄ ብትኖር ትቆጣው ነበር።