የወፍጮው አገር

ባለፈው ሰኔ ሮቤ ላይ አንዲት የማስተምራት የጂኦሎጂ ተማሪ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ፣ «ፈርተው ያውቃሉ?» አለችኝ። «አንድ ጊዜ፣ ትክክል መሆኔን ሳውቅ» አልኳት።

ጎባ፣ ቤታችን ጓሮ አንድ ትልቅ ወፍጮ ነበር። አባቴ ይሉ እንደነበረው፣ ቅድመ አያታችን ከጦሩ ጋር ባሌ ሲገቡ ከመንዝ በበቅሎ አስጭነው ያመጡት ነው። በወንድሜ ሠርግ ግን፣ ጩኮ እየተበላ ሳለ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ቃሲም፣ «ስትመጡ መፍጫ እንኳ አልነበራችሁም፤ ድንጋዩን የሰጠቻችሁ የኔ ቅድመ አያት ናት» አሉ።

«ለማኞች ነበርን ማለትህ ነው?» ብለው አባቴ ተነሱ። አብረው ያረጁት ሁለቱ ጎረቤታሞች ሰላምታ አቆሙ።

ያኔ የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ነበርኩ፤ በራሴ የማልጠራጠር። አባቴ ከወፍጮው ጠርዝ ስባሪ አንስተው፣ «መርምሪው፤ ይለይለት» አሉኝ። እኔም በክረምቱ ጭቃ እየተንሸራተትኩ ወጥቼ፣ ከጎባ በላይ ካለው የወንዝ ገደል ሌላ ስባሪ ያዝኩ። የመንዝ ድንጋይ ደግሞ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ አገኘሁ።

አዲስ አበባ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሦስቱንም በስሱ ቆርጬ መስታወት ላይ ለጠፍኩ፤ ከፀጉር ቀጥነው ብርሃን እስኪያሳልፉ ፈጨኋቸው። የመንዙ ኦሊቪን የሚባል ማዕድን የሞላበት ነው። በወፍጮው ስባሪ ውስጥ ግን ቀጫጭን የፌልድስፓር ቅንጣቶች ጎርፍ እንዳስተኛው ሣር ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል፤ በመሃላቸው፣ ሳዞረው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚለወጥ ማዕድን አለ። የወንዙን ድንጋይ አስገባሁ። ቁርጥ እሱን! በደስታ ልጮህ ስል አባቴ ትዝ አሉኝ።

ለገና ጎባ ገባሁ።

«አባባ፣ ድንጋዩ የባሌ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

አይደለሁም ማለት እችል ነበር። «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው፣ «ነይ ተከተይኝ» አሉና ሐጂ ቃሲም ደጅ ቆሙ።

«ቃሲም፣ ልጄ ድንጋዩ የእናንተ ነው ትላለች። ልመልስልህ?»

«የሰጠችው ቅድመ አያቴ ናት፤ እኔ ማን ነኝና የምቀበል? ግባ!» አሉ ሐጂ። ወደኔ ዞረው፣ «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ለኔ እምቢ ያለው ሰውዬ ላንቺ እሺ አለሽ?» ብለው ሳቁ።

አባቴ አልሳቁም። «ስሟ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ጫልቱ።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ድንጋይ እንደለየሁ አላውቅም፤ ሥራዬን እችላለሁ፣ እኮራበታለሁም። አባቴ ያን ዕለት የሠሩት ግን ከኔ ሥራ ይከብድ ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያመኑትን ነገር፣ ሰው ደጅ ቆመው መተው። ዛሬ ለልጆቼ ቤተሰባችን ባሌ ውስጥ እንዴት እንደኖረ ስነግራቸው፣ ከጫልቱ ነው የምጀምረው።