ለዛፉ የተጠየቀ ጨለማ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢወጣ ስንት ጠብታ ይሆናል? ሰው ሲሸኝ የሚነገርለት ብዙ ነው፤ ደግ ነበር፣ ታታሪ ነበር ይባላል። የሚጨበጠው ግን ትንሽ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ይህን ማሰላሰል የጀመረው በስተርጅና፣ ሚስቱን እያየ ነው። የእሷ የሥራ ዕድሜ ያለቀው በአንዲት መርፌ ጫፍ ላይ ነበርና።

ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነበር። እሱ የግቢውን መብራት ይዘረጋል፣ ይጠግናል። እሷ የዕፅዋት ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት፤ መስኮት በሌለው ክፍል ተዘግታ ስለምትውል ባልደረቦቿ «እትዬ ጨለማ» ይሏታል። እሱ አቆላምጦ «ጨለሜ» ይላታል። «እኔ አበራለሁ፣ እሷ ታጠፋለች፤ ቤታችን ቆጣሪ የማይሮጠው ለዚህ ነው» እያለ ሰውን ያስቃል።

ሥራዋን በወጉ ያስረዳችው አንድ ቀን እራት ላይ ነው። መስታወት በእሳት አቅልጣ፣ ከፀጉር እስኪቀጥን ድረስ ስባ መርፌ ታደርገዋለች። መርፌውን በአንዲት የቅጠል ሕዋስ ውስጥ፣ ሕዋሷን ሳትገድል፣ ትሰካዋለች። ከዚያ ብርሃን ትለቅባታለች፣ ትከለክላታለች፤ በውስጧ ያለው አሲድ ሲወጣና ሲወርድ ከመሣሪያው ታነባለች።

«ቅጠልም ይኮመጥጣል በይኛ» አላት።

«ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴዋ ክፍል አሲዱን ወደ ውስጠኛ ጓዳዋ ትገፋዋለች። እዚያ ይታመቃል። መውጫ ሲያገኝ እንደ ግድብ ውሃ እየተንደረደረ ይመለሳል፤ ጉልበት የሚገኘው ከዚያ ነው።»

«ብርሃኑ ሲጠፋስ?»

«ሲጠፋማ የሚገፋ የለ። ሕዋሷ ለአፍታ ትደናገጣለች፣ ትኮመጥጣለች። ቆየት ብላ ያጠራቀመችውን እየበላች ራሷን ታስተካክላለች።»

«አማቴን ቁርጥ! መብራት ሲጠፋ ፊቷ ይኮመጥጣል፣ ቆይታ የደበቀቻትን ሻማ ታወጣለች።»

«እናቴን ተዋት አንተ!» አለችው፤ ግን እሷም ሳቀች።

ኋላ ግቢው ውስጥ ሌባ በዛ ተባለና ኤሌክትሪሻኑ የሚስቱ ችግኞች ከሚያድሩበት የችግኝ ክፍል ውጭ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጎን፣ ፓውዛ መብራት ተከለ። ሲመሽ በራሱ ይበራል፣ ሲነጋ በራሱ ይጠፋል። ያን መንገድ በሩጫ ያልፉ የነበሩት የጽዳት ሴቶች ቀስ ብለው፣ እያወሩ ማለፍ ጀመሩ። መረቁት። እሱም ደረቱን ነፋ።

በዚያው ሰሞን የሚስቱ ሥራ ተበላሸ። በጨለማ አድረዋል ብላ ያመነቻቸው ችግኞች አንዱ የሚለውን ሌላው ያፈርሰዋል። ትናንት ያነበበችው ዛሬ አይደገምም። መርፌ ቀየረች፣ ውሃ ቀየረች፣ በመጨረሻ የገዛ እጇን ተጠራጠረች። የክፍሉ ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢጨንቀው ነው እንዲህ ያላት።

«እትዬ፣ እጅም እንደ ሰው ይደክማል። ከሰኞ ጀምሮ መርፌውን ሌላ ሰው ይያዘው። እርስዎ ችግኞቹን ይንከባከቡልን።»

«እሺ ዶክተር» ብላ ወጣች። መርፌው ከእጇ ከወጣ ግን ምን እንደሚቀራት ለባሏ መንገር አላስፈለጋትም።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሊወስዳት ሲመጣ ችግኝ ክፍሉ ውስጥ አገኛት። ሌላ ጊዜ ቀን ሳለ መብራቱን አጥፍታ፣ ቆልፋ ትሄድ ነበር፤ የምትለካውም በሌላው ክፍል ስለሆነ እዚህ አምሽታ አታውቅም። ዛሬ እግሯ እንቢ አላት። መብራቱን አጥፍታ በርጩማው ላይ ቀርታለች።

«ጨለሜ፣ አታልቅሺ እንጂ።»

«ማን አለቀሰ?»

«እንባሽ አገጭሽ ደርሷል እኮ።»

አገጯን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «አንተ ሰውዬ፣ በምን አየኸው?»

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፓውዛው በመስታወቱ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ያሉትን ችግኞች ቅጠል በቅጠል ያሳያል። በግድግዳው በኩል ያሉት ጥላ ውስጥ ናቸው። እኩሌቶቹ ተኝተው ሲያድሩ እኩሌቶቹ ዓይናቸውን አልከደኑም ማለት ነው።

«ጉድ ሠራሁሽ» አላት።

«ኧረ እጄን መለስክልኝ!» ብላ በጋዋኗ እጅጌ ፊቷን ጠረገች።

በማግስቱ ሲመሽ ዶክተሩን ጎትታ አመጣችው። ከበሩ ላይ ቆሞ አየና ራሱን ያዘ። «እኔም እኮ የዚህ ክፍል ቁልፍ አለኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አምሽቼ አልገባሁም» አለ። መርፌው ከእሷ ዘንድ ቀረ። ወፍራም ጥቁር መጋረጃ በእጇ ሰፍታ ሰቀለች፤ ችግኞቹም እንደ ቀድሞው በአንድ አፍ መናገር ጀመሩ።

ኤሌክትሪሻኑን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። አንድ ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ዛፉ ሥር ቆመች። ሽንፈቷ ከተገፈፈላት ገና ሳምንት አልሞላም፤ ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይንሳፈፍ ነበር። እሷ ቀና ብላ የበራውን ቅጠል ሁሉ አየችና፣ «ለእነዚያስ መጋረጃ ሰፋሁላቸው። ለዚህ ማን ይሰፋለታል?» አለች። ለኤሌክትሪሻኑ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ሕዋስ ቢያይ ዓይኑ የሚጠብብ ይመስለው ነበር። የእሷ ሰፋ።

ጡረታ ስትወጣ አዳራሽ ውስጥ ሸኟት። ዶክተሩ አመስግኖ ሲያበቃ «የሚፈልጉት ነገር ካለ ይናገሩ» አላት። ወንበሩን ይዛ ቆመች።

«የጽዳት ሴቶቹ አልፈው ከሄዱ በኋላ ፓውዛው ይጥፋልኝ። ዛፉም ጥቂት ይጨልምለት።»

«እትዬ ጨለማ በጡረታም አልማረችንም!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ጥበቃው ሌባ ቢገባስ አለ። አስተዳደሩ እናየዋለን አለ።

የፓውዛው ማጥፊያ ሳጥን ቁልፍ ኤሌክትሪሻኑ ኪስ ውስጥ ነበር። ያጨበጨበውም ቁልፉን በሚይዝበት በዚያው እጁ ነው። የራሱ ጡረታ ደርሶ ለተተኪው እስኪያስረክበው ድረስ ቁልፉ ከኪሱ አልወጣም፤ ፓውዛውም አንድ ሌሊት እንኳ አልጠፋም።