ቆጣሪው አውቶሞቢሉን ሲሸጥ

ሠፈሩ «ቆጣሪው» ይለዋል። ሃያ ሰባት ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ አንዲት ብሎን ሳትጎድልበት ጡረታ ወጥቷል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ማንን ያምናል? ማንንም! ወተት የምታመጣለትን ሴት እንኳ ወተቱን እዚያው ፊት ለፊቷ ሳይሰፍር አያሰናብታትም።

ያንን የተንጣለለ አውቶሞቢሉን ሊሸጥ ነው። የዓይን ሐኪሙ ቀኝ ዓይኑ መጥፋቱን ነግሮት መሪ እንዳይጨብጥ ከከለከለው ሁለት ሳምንቱ ነው። ይህን ለነፍስም ለሥጋም አልተነፈሰም። ገዢ ከሰማ እንደፈለገ ያሞኘዋል፤ ሚስቱ ከሰማች ደግሞ ታዝንለታለች፣ እሱ ሲታዘንለት ከማየት መሬት ብትውጠው ይመርጣል። ለእሷ ነዳጅ በላብኝ ብሏታል።

በለመደው የግምጃ ቤት ወግ የርክክብ ዝርዝር በሦስት ቅጂ አዘጋጀ። የቆዳ ወንበር፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ በኤሌክትሪክ የሚወርዱ አራት መስኮቶች፣ የሚከፈት ጣሪያ፣ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ ከነእጀታው። ከታች ደግሞ «አካሉ ጭረት የሌለበት» ብሎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ሊያይ የመጣ ሁሉ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት መፈረም አለበት። መጀመሪያ የመጣው ደላላ ስቆበት ሄደ። ሌላው ብቻዬን ልንዳው ቢል እንደ ሌባ ቆጥሮ ሸኘው። አንዱንማ ፈገግታው ስላልጣመው ብቻ መለሰው።

አራተኛዋ ገዢ አዋላጅ ነርስ ነበረች። እናቷ ከተሽከርካሪ ወንበር አይነሱም፤ ወንበሩን የሚችል መኪና ስታጣ ከርማለች። የኋላውን የዕቃ ቦታ በሜትር ለክታ ፊቷ በራ። ፈርሚ ሲላት ዝርዝሩን ሳታየው ፈረመች። ይሄ የባሰ አስደነገጠው። ሳታነብ የምትፈርም ሴት ምን አስባ ነው? ከእሷ ጋር የመጣው መካኒክ ወንድሟ ነው፤ ቆጣሪው እግር በእግር ተከተለው። መካኒኩ በቀኝ በኩል የኋላው በር አጠገብ ተንበርክኮ በጣቱ ዳሰሰ፣ መታ መታ አደረገ።

«ይሄ በር ተጋጭቶ ተቀብቷል» አለ።

ቆጣሪው ደሙ ፈላ። ይቺን ዘዴ ያውቃታል፤ ዋጋ ለማውረድ ቤታቸው ቁጭ ብለው የመከሩት ነው። በእሱ እጅ ያለ ዕቃ እንደማይጫር፣ ይህን ያህል ዓመት በከንቱ እንዳልኖረ፣ ሌባ ደግሞ በመልኩ እንደሚያውቅ አንድ በአንድ ነገራቸው። መካኒኩ አልተቆጣም። በሩን የደበቀ ሞተሩንም ደብቆ ይሆናል፣ እንሂድ አላት እህቱን። ነርሷ የዕቃ ቦታውን አንዴ ዞር ብላ አየችና ቦርሳዋን አነሳች። እሷም ከሄደች መኪናው ቆሞ ሊቀር ነው፤ ለምን እንደማይነዳው ደግሞ አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም።

ደረጃው ላይ ቆማ የነበረችው ሚስቱ ወረደች።

«አትሂጂ ልጄ። እሱ አልዋሸሽም፣ አላየውም። ሲያስገባው ከግቢው በር ጋር ያሻሸው እሱ ነው። ቀለም ገዝቼ የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ቆጣሪው ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት።

«አንተስ መች ነገርከኝ?» አለችው።

ቀኝ ዓይኑ እንደማያይ ካወቀች ዓመት ሊሞላት ነው። በቀኙ ተቀምጣ ቀስ በል፣ ሰው አለ፣ ቁም እያለች የምትጨቀጭቀው ፈሪ ሆና አልነበረም።

«መሪውን የነጠቅሁህ ቀን አብደሻል ብለህ ሳምንት ሙሉ አኮረፍከኝ። አንዲት ሴትዮ እያቋረጠች ነበር። ልትገጫት የቀረህ ክንድ ያህል ነበር።»

ኩርፊያውን ያስታውሳል። ሴትዮዋን ግን ቢያስብ ቢያስብ አጣት፤ ፊቷን ቀርቶ የቀሚሷን ቀለም እንኳ አላየም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ ሲጠብቅ ኖሮ የራሱን እጅ የሚጠብቅለት አልነበረም ማለት ነው፣ ከዚህች ሴት በቀር። አፈረ፣ እንደ ሕፃን አፈረ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለነርሷ ዘረጋላት።

«ዋጋውን አንቺው ተናገሪ ልጄ» አላት።