ያላለቀው የህሊና ጸሎት

«ልጄ፣ ጸሎቱ አላለቀም እንዴ? ጉልበቴ ከዳኝ እኮ።»

ዛሬ ረፋድ ላይ ከአምደወርቅ ከተማ እንዲህ ብለው የደወሉልኝ አዛውንቱ መምህር ጋሽ ፈንታው ናቸው። እኔ ሰቆጣ ቢሮዬ ተቀምጬ በዙም ስልጠና እየሰጠሁ ነበር፤ እሳቸውና ሌሎች መምህራን ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ስልክ ከበው ይከታተሉኛል።

የስልጠናው ርዕስ፦ «በኦንላይን ስናስተምር ተማሪው እንዳይሰለች ምን እናድርግ?» (አትሳቁ!)

የጀመርነው በቅርቡ ላረፈ ባልደረባችን በህሊና ጸሎት ነበር። ጫጫታ እንዳይገባ ብዬ የሁሉንም ድምፅ ዘጋሁ፤ የራሴንም ጭምር። ኔትወርኩ እንዳይቆራረጥ ምስሉን ከመጀመሪያውም አጥፍተነዋል።

ከዚያ ድምፄን ሳልከፍት ማስተማር ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ገደማ! ቀልድ ሁሉ ቀልጃለሁ። ዝም ሲሉኝማ «ዛሬስ ልባቸውን ያዝኩት» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

እነሱ ለካ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ለሟች ተቁሞ ቀድሞ የሚቀመጥ ማን ነው?

«ኧረ በእግዜር ይቀመጡ ጋሼ! ሁላችሁም ቁጭ በሉ!» አልኩ። የወንበሮቹ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይቅርታ ስጠይቃቸው ጋሽ ፈንታው ተቆጡኝ? በፍጹም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ግድ የለም ልጄ» አሉኝ። «እሱም ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ያስተማረ ሰው ነው። ይገባዋል።»

እስቲ እናንተም በኦንላይን ስታስተምሩ ያፈራችሁበትን ጻፉልኝ። ዛሬ ብቻዬን ማፈር ከብዶኛል።