እናቴ ቀድማ ያመሰገነችበት ዩኒቨርሲቲ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት ሁለቱም ሳይነቀሉ ሲቀሩ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። አኒሜሽን ለመማር ሁለት ዩኒቨርሲቲ አመለከትኩ፤ ሁለቱም ተቀበሉኝ። አንዱ ቱርክ ነው፤ የትምህርቱን ወጪ እኔ እችላለሁ ብሏል። ሌላው አዲስ አበባ ነው፤ ትምህርት ክፍሉ ገና መከፈቱ ስለሆነ ኮምፒውተሮቹ እንኳ ከካርቶናቸው አልወጡም ይባል ነበር። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ የቱ እንደሚሻል ሳያስብ ይነግራችኋል። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ካለው ቤታችን ተነስቼ በእግሬ ሐይቅ ዳር እወርዳለሁ፤ ደርሼ ትንፋሼን ሳልሰበስብ በባጃጅ እመለሳለሁ። እናቴ «ምንድነው እንዲህ የሚያቅበጠብጥሽ?» ትለኝ ነበር።

የሚያቅበጠብጠኝ አባ ኮዳ የምንለው ትልቅ ወፍ ነበር። ለሁለቱም የላክሁት አንድ አጭር አኒሜሽን ነው፤ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ በሚበልቱት ሰዎች መሃል ቆሞ የሆድ ዕቃ እስኪጣልለት የሚጠብቅ አባ ኮዳ፣ መጨረሻ ላይ ብድግ ብሎ የሚበር። ራሱ በራ ነው፣ አንገቱ ላይ ኮዳ የመሰለ ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ እግሩ ቀጭን ነው፣ ፊቱ ደግሞ ጡረታው የዘገየበት ሽማግሌ ፊት ነው። የሐዋሳ ልጅ ሆኖ ይህን ወፍ የማያውቅ የለም።

ቱርኮቹ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አደረጉልኝ። ሦስቱም ደስ የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ከመሃላቸው አንዷ «ይህን ፍጡር ከየት አመጣሽው? ምናብሽ ያስገርማል» አለችኝ። ከምናቤ አይደለም፣ ጎረቤታችን ነው አልኳት። ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ስልኬን ይዤ ወጥቼ አሳያቸው ነበር፤ ግን ምስጋና ማን ይጠላል፣ አብሬያቸው ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆይ ተቀብለንሻል የሚል መልስ መጣ።

ከአዲስ አበባ ግን የሚያስተምረኝ መምህር ራሱ ደወለ። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «ተቀብለንሻል፤ ወፍሽ ግን ዋሽቷል» አለኝ። «አባ ኮዳ እንደ እርግብ ከቆመበት ብድግ አይልም። ከባድ ነው፤ ሮጦ ነው የሚነሳው። እዚያው አይደለሽ? ሄደሽ እዪው።»

ደሜ ፈላ። ለሐዋሳ ልጅ ስለ አባ ኮዳ ሊነግራት? ላሳፍረው ብዬ በማግስቱ አሞራ ገደል ወረድኩ። አንዱ ሆዱን ሞልቶ ዳር ላይ ቆሞ ነበር፤ ውሻ መጣበት። ክንፉን ዘርግቶ፣ ባጃጅ እንዳያመልጣት ቀሚሷን ሰብስባ እንደምትሮጥ ሴትዮ ዱብ ዱብ እያለ ሮጠ፤ ከዚያ በኋላ ነው መሬቱን የለቀቀው። ሌላውንም ጠበቅሁ። እሱም ሮጦ ተነሳ። ዕድሜ ልኬን ሳያቸው ኖሬ አንድም ቀን አላየኋቸውም ማለት ነው። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ ምክንያቱን የማላውቀው ደስታ ወረረኝ። መማር ያለብኝ ከዚህ ሰው ነው አልኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለእናቴ ልነግራት ወሰንኩ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። እናቴ ስትጸልይ በሲዳምኛ ነው፤ ስትመሰክር ግን ሁሉም እንዲሰማት በአማርኛ ትናገራለች። ያን እሑድ ምእመኑ ጌታ ያደረገለትን የሚናገርበት የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ከጎኔ ተነሳች። ማይኩን ተቀበለችና «ጌታ ለልጄ በቱርክ አገር የትምህርት በር ከፍቶላታል፤ ልትሄድ ነው፤ ስሙ ይባረክ» አለች። አዳራሹ በሃሌሉያ ተናወጠ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሄዳለሁ ብዬ አልነገርኳት፤ ሁለቱም ተቀበሉኝ ነው ያልኳት። ስንወጣ ሴቶቹ አገላብጠው ሳሙኝ፤ አንድ ሽማግሌ ደጅ ላይ እጃቸውን ጭነው ለመንገዴ ጸለዩልኝ። ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ ዳቦ መግዛት እንኳ መከራ ሆነ። ሁሉም «መቼ ነው በረራሽ?» ይላል። እኛ ዘንድ በጉባኤ ፊት የቀረበ ምስጋና አይመለስም። አዲስ አበባ ነው የምማረው ካልኩ እናቴ እግዚአብሔርን ባልሆነ ነገር ያመሰገነች ሴት ልትሆን ነው። የቱርኩን ገጽ ከፍቼ ጣቴን «እቀበላለሁ» በሚለው ላይ አስጠጋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። እናቴ ላይ ተናድጄ ስለነበር ሻይ እንኳ ፊቴን አዙሬ ነበር የምሰጣት።

የመልስ መስጫው ቀን ሲቃረብ ገበያ ውስጥ ወዳለው የእናቴ የጨርቅ ሱቅ ሄድኩ። ጣቃ እየጠቀለለች ነበር።

«እማዬ፣ ቱርክ አልሄድም» አልኳት።

መጠቅለሏን አላቆመችም። ስለ መምህሩ፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ሩጫው ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ስጨርስ ጣቃውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ዞረች።

«ትምህርቱን ነው የመረጥሽው ወይስ ቅርበቱን?»

ሌላ ጣቃ አንስቼ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ያን እሑድ ደስ ብሎኝ የተነሳሁ መሰለሽ?» አለች። «ፈርቼ ነው። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ‹አትሂጂብኝ› ልልሽ ምንም አልቀረኝም ነበር። በሰው ፊት ካመሰገንኩ አፌ ይታሰራል ብዬ ነው።»

እኔን ያሰረችኝ መስሎኝ ስንት ቀን ፊት ስነሳት ከረምኩ፤ የታሰረችው ግን ራሷ ነበረች።

«ሁለቱንም ነው» አልኳት። «ሰውየው እንዲያስተምረኝ እፈልጋለሁ። አንቺ ደግሞ አመመኝ ስትዪ ጠዋት ተነስቼ ለምሳ እንድደርስልሽ እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ እሑድ ምን ብዬ ልነሳ?»

«አትነሺ። ቀስ በቀስ ይረሱታል።»

«በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት ነው የማርመው» አለችና ለገባች ደንበኛ ሜትሯን አነሳች።

እሑድ ተነሳች። ማይኩን ተቀበለች። «ባለፈው ልጄ ቱርክ ትሄዳለች ብዬ አመስግኜ ነበር። አትሄድም። አዲስ አበባ ነው የምትማረው። ጌታ አልተሳሳተም፤ የቸኮልኩት እኔ ነኝ። የቸኮልኩትም እንዳትሄድብኝ ስለፈለግሁ፣ አፌን ላስር ብዬ ነው።»

እኛ ዘንድ ለተከፈተ በር ሃሌሉያ ይባላል፤ ለታመመ ይጸለያል። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የመዘምራኑ መሪ ኪቦርዱን ተመለከተ፤ ከኋላችን አንድ ሰው ሳለ። እናቴ ማይኩን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ አትናገር፣ አትቀመጥ። እኔ በጉባኤ መሃል ድምፄን አሰምቼ የማላውቅ ሰው ብቻዬን «አሜን» አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጠችው።